ሦስተኛዋ ፔዳል

ፈሪ ነኝ፤ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል። ስልክ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ካልተነሳ በሐሳቤ ለቅሶ ቤት ተቀምጫለሁ። አባቴ በዚህ ሲስቅብኝ ኖሯል። አሮጌዋ ፒካፕ ካምቢዮዋ ተበላሽቶ ቡራዩ አንድ ጋራዥ በገባች ጊዜ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከማዘን ይልቅ እፎይ አልኩ።

አባቴ ሱሉልታ ላሞች አሉት፤ ሣርና ፋጉሎ የሚያመላልሰው በዚያች ፒካፕ ነበር። በወጣትነቱ የጭነት መኪና ሾፌር ነበረ። በኋላ ወድቆ ግራ ጉልበቱ ከተሰበረ ወዲህ እግሩ እንደ ልብ አይታጠፍለትም፣ አቅምም የለውም። መንዳት የቻለው መኪናዋ አውቶማቲክ ስለሆነች ብቻ ነው፤ ፍሪሲዮን የላትም፣ ግራ እግር ሥራ የለውም። ባለፈው ክረምት ግን የጎረቤት አጥር ጥሶ ገባ። ከዚያ ወዲህ ቁልፉን ባነሳ ቁጥር እስኪመለስ በር በሩን አያለሁ። «አባዬ፣ መንዳት ይብቃህ» ማለት አልቻልኩም። ስንት ጊዜ ልናገር ጀምሬ ስለ ላሞቹ አውርቼ ተነስቻለሁ።

መካኒኩ ከወላይታ የመጣ፣ እየሠራ መዝሙር የሚያንጎራጉር ረጋ ያለ ሰው ነው። ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «የአውቶማቲኩ ካምቢዮ ከእንግዲህ አይጠገንም» አለኝ። «ጥቂት ሳምንት ከታገሥሽ ያገለገለ እፈልግልሻለሁ። ካልሆነ ባለማርሹ እጄ ላይ አለ፤ ወደ ማንዋል ልቀይራት።»

«ቀይራት» አልኩት።

ሳላስበው ነው ብል ውሸት ነው። አስቤበታለሁ። ማንዋል ማለት ፍሪሲዮን ነው፤ ፍሪሲዮን ማለት ግራ እግር ነው። እኔ መናገር ያቃተኝን ፔዳሏ ትነግርልኛለች ብዬ ነው።

በሳምንቱ ልወስዳት ስሄድ ወለሏ ተበስቶ የማርሽ ዘንግ ቆሞበታል፤ ከፍሬኑ ጎን ሦስተኛ ፔዳል ተተክሏል። መካኒኩ ብዙ ነገር ነገረኝ። «የእጅ ፍሬኗ አይይዝም፤ እስከ ዛሬ የአውቶማቲኩ ማቆሚያ፣ ፒ፣ ጎማዋን እየቆለፈ ስለሚያቆማት ነው ያልታወቀው። አሁን ስታቆሚያት ማርሽ ውስጥ ተዪያት። ደግሞ ፒ ላይ ካልሆነች አልነሳም የሚያስብላትን የኤሌክትሪክ ገመድ አገናኝቼዋለሁ፤ ማርሽ ውስጥ ሆናም ትነሳለች።» ራሴን ነቀነቅሁ። ሐሳቤ ሁሉ እንጦጦን እንዴት አድርጌ እንደምወጣ ነበር። ማንዋል ለመጨረሻ ጊዜ የነዳሁት መንጃ ፈቃድ ሳወጣ ነው።

አስኮ ላይ ሁለት ጊዜ፣ ዊንጌት ላይ አንድ ጊዜ ሞተሩ ጠፋብኝ። ከኋላዬ ያለው ሁሉ ክላክስ ነፋብኝ፤ እኔም መስኮት ከፍቼ የሚገባቸውን መለስኩላቸው። አመሻሽ ላይ ሱሉልታ ደረስኩ። ግቢያችን ዘቅዘቅ ያለ ነው። እንደ ወትሮው አፍንጫዋን ወደ ላሞቹ በረት አዙሬ አቆምኳት፣ አንደኛ ማርሽ አስገባሁ፣ ወረድኩ።

አባቴ ከበረቱ ውስጥ ሆኖ «ተሠራች?» አለኝ።

«ተሠራች» አልኩት። ቁልፉን ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር ሰቀልኩና ራሴን ያመኛል ብዬ ተኛሁ።

በማግስቱ ማለዳ እሱ ላም ሲያልብ ሹልክ ብዬ ወደ ሥራ ወጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ የደረሰኝ ቦታ ጋቢና፣ መሐሉ ላይ ነበር። የእንጦጦን ቁልቁለት ስንጀምር ሾፌሩ፣ «እህቴ፣ ጉልበትሽን ሰብሰብ አድርጊልኝ፣ ማርሽ ልቀይር» አለኝ። ሰበሰብኩ። እጁ ዘንጉን ሲገፋ ሳይ የእኛዋ ፒካፕ ትዝ አለችኝ።

አባቴ ሞተር የሚያስነሳው ከውጭ ቆሞ ነው። በዚያ ጉልበት ደጋግሞ መውጣትና መውረድ ስለሚከብደው፣ እጁን በመስኮት አስገብቶ ቁልፉን ያዞራል። ከዚያ ሞተሩ እስኪሞቅ ፊት ለፊቷ ቆሞ መስታወቱን እየወለወለ፣ በአጥሩ በኩል የሚያልፈውን ሁሉ በኦሮምኛ «አካም ቡልተን» ብሎ እንዴት አደራችሁ ይላል። ስንት ዓመት እንዲህ አድርጓል። ፒ ላይ የቆመች መኪና የትም አትሄድም። ትናንት ያቆምኳት ግን አንደኛ ማርሽ ውስጥ ናት፤ ቁልፉ ሲዞር ወደ በረቱ ትዘላለች።

ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደገምኩ። «ወራጅ አለ» አልኩ። ሾፌሩ ቁልቁለት ላይ አልቆምም አለኝ፤ ምን እንዳልኩት አላስታውስም፣ ብቻ ቆመ። መንገዱን ተሻግሬ ወደ ላይ ለሚመለስ ባዶ የጭነት መኪና እጄን ዘረጋሁ፤ መልኬን አይቶ ነው መሰለኝ ሰውየው ምንም ሳይጠይቀኝ ጫነኝ። መንገዱን ሙሉ እየደወልኩ አባቴን በሐሳቤ አየዋለሁ፤ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሲጎተት፣ በመኪናዋና በበረቱ ግድግዳ መሐል ተጣብቆ። ጥፋቱ የካምቢዮውም የመካኒኩም አልነበረም። ማርሽ ውስጥ ናት ብዬ ብነግረው ስለ ፔዳሏም ልነግረው ነው፤ ያንን ሽሽት ነው ዝም ያልኩት።

የግቢያችን በር ክፍት ነበር። ፒካፗ በቦታዋ ቆማለች፤ ከፊት ጎማዋ ሥር ትልቅ ድንጋይ ተወሽቋል። አባቴ የሾፌሩን በር ከፍቶ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ግራ እግሩ ወደ ውጭ ተንጠልጥሏል፣ ቁልፉ ጭኑ ላይ ነው።

ሮጬ ስደርስ ከአፌ የወጣው፣ «ስልክ የገዛሁልህ ለምንድን ነው?» የሚል ነበር፤ በጩኸት። ከዚያ መሬቱ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እስክጨርስ ጠበቀኝ። «ስልኩ ቤት ቀርቶ ነው» አለኝ። «ቁልፉን ላዞር እጄን በመስኮት አስገብቼ ነበር።» «ዘንጉን ሳይ ቁልፉን ሳላዞር ነካ አደረግሁት። ማርሽ ውስጥ ናት። የጭነት መኪና ስነዳ የለመድኩት ነው።»

«አባዬ፣ የአውቶማቲኩ ካምቢዮ…»

አላስጨረሰኝም። «ይቺንም ሞከርኳት» አለና ሦስተኛዋን ፔዳል በጣቱ አሳየኝ። «እስከ ግማሽ ወረደች። ከዚያ እግሬ እምቢ አለኝ።»

ከመሬቱ ተነስቼ አቧራዬን አራገፍኩ።

«ሌላ አውቶማቲክ ይገኝ ነበር አይደል?» አለኝ።

«ትንሽ ብንታገሥ ይገኝ ነበር።»

ራሱን ነቀነቀ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣኝ በወደድኩ። «ኢንተላ ኮ» አለኝ፤ ልጄ ሲለኝ ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው። «በመኪና የላክሽብኝን በአፍሽ ንገሪኝ።»

«መንዳት ይብቃህ፣ አባዬ» አልኩት። «እፈራለሁ።»

«እሺ» አለኝ፣ ወዲያው።

ባለፈው ክረምትም ብነግረው ይኸንኑ ይለኝ ነበር። ቁልፉን ከጭኑ አንስቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። በሩን ተደግፎ ቀስ ብሎ ወረደ፣ መኪናዋን ዞረና በሌላኛው በር ገብቶ ተቀመጠ።

«ድንጋዩን አንሺውና እንሂድ» አለኝ። «ላሞቹ ሣር የላቸውም።»