ባሌ ሳትቫ የሆነ ጊዜ

በዚያ ዓመት ጾም፣ ሆላንድ ውስጥ ዴን ሃግ ከተማ፣ ሙርዋይክ ሰፈር ያለው ቤታችን ሽንኩርት አጣ። ያባረረው ባሌ ነው። የሥራ ባልደረባው፣ እዚሁ ዴን ሃግ ያደገ ሱሪናማዊ ሂንዱ፣ በምሳ ሰዓት ስለ ሦስቱ ጉናዎች አጫወተው። ተፈጥሮ ከሦስት ባሕርያት የተገመደች ናት፤ ሳትቫ ብርሃንና እርጋታ፣ ራጃስ ምኞትና ሩጫ፣ ታማስ ጨለማና ስንፍና። ሦስቱም በሁሉም ሰው ውስጥ አሉ፤ አንዱ ሲበረታ ሌላው ይደክማል። ሰውየው የነገረው ይህን ነው። ባሌ ይዞ የመጣው ግን እሱ ሳትቫ፣ እኔ ራጃስ መሆናችንን ነው።

ባሌ በልጅነቱ ዲያቆን ነበር። እኛ ደግሞ ቅድስናን የምንጀምረው ከድስት ነው። ስለዚህ ፍልስፍናውን እንደ አጽዋማት ሕግ ያዘው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት መንፈስ ያውካሉ ተባለና ቀሩ። በርበሬ ደም ያፈላል ተባለና ቀረ። ወተትና ቅቤ ሳትቫ ናቸው፤ እነሱን ደግሞ ጾሙ ከለከለ። የሁለት ሃይማኖት ክልክል በአንድ ድስት ሲገናኝ የተረፈን ሩዝና ሙዝ፣ ሲበዛ ደግሞ ነጣ ያለ ምስር ነበር። አብረውን የሚኖሩት እናቱ ምስሩን ቀመሱና፣ ቤት ውስጥ የታመመ ሰው እንዳለ ጠየቁኝ።

ምግቡንስ እችለው ነበር። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ዓመታት በእንክብካቤ ቤት አረጋውያንን ሳጥብ ኖሬ፣ ለነርስነት ትምህርት ተቀባይነት ያገኘሁት በዚያው ሰሞን ነው። ትምህርቱ ማታ ማታ ነው። እናቱ እግራቸው አልታዘዝ ስላላቸው ራት የሚያቀርብላቸውና የሚያስተኛቸው ሰው ያስፈልጋል። እንዲያግዘኝ ብጠይቀው፣ ሶፋው ላይ እንደተጋደመ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ምኞት ራጃስ እንደሆነና ነፍስን ከሥራ ፍሬ ጋር እንደሚያስር አስረዳኝ። እሱ እርጋታውን ማጣት አይፈልግም። ሳህን ማጠብም እርጋታ ያሳጣል መሰለኝ፣ ይህን ፍልስፍና ከጀመረ ወዲህ ሳህን ነክቶ አያውቅም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይሄ ነው፤ የተጋደመው እሱ ሆኖ ሳለ፣ በሽተኛዋ እየሮጥኩ የምውለው እኔ ሆንኩ። ተናደድኩ። ፈራሁም፤ የትምህርት ቦታዬን መቀበሌን የማረጋግጥበት ቀን እየደረሰ ነበር።

እሑድ ባልደረባውን ምሳ ጋበዘው። ያንኑ ምስር በኩራት አቀረበለት። እንግዳው በትሕትና ጥቂት ቀመሰና በርበሬ እንዳለን ጠየቀ። እነሱ ቤት ሽንኩርት የሚቀረው በጸሎት ቀን ብቻ መሆኑንም ነገረን። ባሌ ስለ ራሱ ሳትቫነት ሲያወራለት ደግሞ ሰውየው ፈገግ ብሎ፣ ሳትቫም ማሰሪያ ነው አለው፤ ሰውን በደስታውና በአዋቂነቱ ያስረዋል፤ የወርቅ ሰንሰለትም ሰንሰለት ነው። ባሌ ራሱን ነቀነቀ። የገባው የወርቁ ነገር ብቻ ይመስለኛል።

ጨዋታው በሆላንድኛ ስለነበር፣ እንግዳው ሲሄድ እናቱ ምን እንደተባለ ጠየቁ። ባሌ ደስ ብሎት ሦስቱን ባሕርያት አንድ በአንድ ተረጎመላቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡት።

«ያ ከባዱ፣ የሚያስተኛው፣ ማን አልከው?»

«ታማስ፣ እማዬ።»

«አባትህም ነበረበት። ቀኑን ሙሉ ይጋደምና ጸሎት ላይ ነኝ ይለኝ ነበር።»

እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔም ፊደል ልቆጥር መሠረተ ትምህርት ተመዝግቤ ነበር» አሉኝ። «አባቱን ማን ያበላዋል ብዬ ቀረሁ። አንቺ ሂጂ። እኔን ልጄ ያስተኛኛል።»