በግራ ጥግ የቆመችው ጠጠር

አቶ ገብረሂወት ውዳሴ የሚያቅለሸልሻቸው ሰው ናቸው። ስትሮክ ከመታቸው ስድስት ሳምንት ሆናቸው። አሁን ባሉበት የአረጋውያን ቤት ማንኪያ ሲያነሱ «ዙፐር!»፣ ደረጃ ሲወጡ «ዙፐር!» ይሏቸዋል አስታማሚዎቹ፤ በጀርመንኛ ግሩም ማለታቸው ነው። ኧረ በስመ አብ! የሰባ ስድስት ዓመት ሰው ሾርባ ስለጠጣ ይጨበጨብለታል? ነገ ጠዋት ሐኪም ጋ ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ አላቸው። ኖርድቬስትሽታት በሚባለው ሰፈር ሰባተኛ ፎቅ ላይ ወዳለችው ቤታቸው ተመልሰው ብቻቸውን መኖር ይችሉ እንደሆነ የሚወሰነው ያኔ ነው። እሳቸው ደግሞ ከሐኪሙ በፊት ራሳቸውን መፈተን ፈለጉ። የሚያምኑት ፈተና አንድ ብቻ ነው፤ ታውላ።

ይህን የዳይስና የጠጠር ጨዋታ የተማሩት በከተማው አውሮፕላን ማረፊያ ሲሠሩ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሻንጣ ሲጭኑ፣ አንድ ቱርካዊ ባልደረባቸው በየእረፍቱ እያሸነፈ አስተማራቸው። አስመራ በአማርኛ ከተማሩት ሒሳብ ይልቅ ይኼኛው ጠልቆ ገባ። ለሰው ሲያስረዱም አጭር ነው፦ ጠጠርህን ብቻዋን አትተዋት። ሁለት ሆነው ከተቀመጡ የሚነካቸው የለም፤ ብቻዋን የተገኘች ግን ትበላለች፣ መንገዱንም ከሀ ትጀምራለች። ቤቶችን፣ ማለትም የጠጠር ማረፊያዎቹን፣ በተርታ ከያዝክ ተጋጣሚህ መውጫ ያጣል። ከቀደምክ ሩጥ። ከተቀደምክ ተጋጣሚህ ቤት ውስጥ ሁለት ጠጠር ይዘህ አድፍጥ፤ መሳሳቱ አይቀርም።

ተጋጣሚያቸው ሸዋረገድ ናት፣ እዚያው የምትሠራ ወጣት አስታማሚ። ጨዋታውን ከሳቸው ለምዳ ፈረቃዋ ሲያልቅ ትቀመጥላቸዋለች። ጎበዝ ናት። ሁልጊዜ የሚያሸንፉት ግን እሳቸው ናቸው፤ ይኼ ነገር ከነከናቸው። ዛሬ ሆን ብለው አንዲት ጠጠር አፍንጫዋ ሥር ጥለው ጠበቁ። ሸዋረገድ አየቻት፣ አመነታች፣ ሌላ ጠጠር ገፋች።

«አንቺ! አይተሻታል አይደል?»

«የቷን አባባ?»

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ሲባል አልሰማሽም? ለምን አትበይኝም?»

ሸዋረገድ አንገቷን ደፋች። «ምን ላድርግ አባባ፣ እጄ እምቢ ይለኛል። በአባቴ ዕድሜ ያለ ሰው ጠጠር አንስቶ መጣል ነውር ይመስለኛል። ደግሞ ሲያሸንፉ ደስ ይልዎታል።»

አቶ ገብረሂወት ተናደዱ፤ ከንዴቱ በታች ግን ፍርሃት ነበር። «ስሚኝ ጓለይ» አሉ፤ በትግርኛ ልጄ ማለታቸው ነው። «አውቀሽ ከተሸነፍሽልኝ ጭንቅላቴ መዳኑን በምን ልወቅ? ነገ ብቻዬን ሊለቁኝ ነው። የምታከብሪኝ ከሆነ ብይኝ!»

እንደገና ደረደሩ። በላቻቸው፤ ደግማ በላቻቸው፤ አምስት ቤት በተርታ ያዘችባቸው። እሳቸውም ቤቷ ውስጥ ሁለት ጠጠር ይዘው አደፈጡ። እንዲህ ያለ ደስታ ከታመሙ ወዲህ አላዩም። በመጨረሻ ሸዋረገድ ተሳሳተችና አንዲት ጥቁር ጠጠሯ ብቻዋን ቀረች።

አቶ ገብረሂወት ዳይሱን ጣሉ። ስድስትና አምስት። «ሼሽ በሽ!» አሉ በቱርኩ አጠራር። ከዚያ ሌላ ጠጠራቸውን ወደ ቤታቸው አስገብተው ዳይሱን አቀበሏት።

ሸዋረገድ አልተቀበለቻቸውም። ዝም ብትል ጨዋታው የሷ ነበር።

«አባባ» አለች ቀስ ብላ፣ «በስድስቷ ይበሉኝ ነበር። ጠጠሬ በግራዎ በኩል ናት።»

አዩ። ምንም የለም። አንገታቸውን እስኪያማቸው ድረስ ወደ ግራ ሲያዞሩ ጥቁሯ ጠጠር ብቅ አለች።

ጠዋት ከሳህናቸው ግማሹ ምግብ ሳይነካ ተርፎ ሳህኑን የምታነሳው ሌላዋ አስታማሚ ስትቆጣ ገርሟቸው ነበር። ግራ ትከሻቸው ከበሩ ጋር ሲጋጭም በሩን ነበር የሰደቡት። ለካ በሩ ምንም አላደረገም፤ በግራቸው ያለውን የማያዩት እሳቸው ነበሩ።

«ቤቴ ፊት ለፊት መንገድ አለ» አሉ ድምፃቸው ቀንሶ። «ልሻገር ስል መጀመሪያ የሚመጣው መኪና በግራ በኩል ነው።»

ሸዋረገድ እንባዋ መጣ።

«ምን ያስለቅስሻል? በስድስት ሳምንት ውስጥ እውነቱን የነገርሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ነገ ለሐኪሙ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ» አሉና ጠጠሮቹን ወደሷ ገፉ። «በይ ደርድሪ። ጠጠርሽን እስካያት ድረስ በግራ በኩል እየመጣሽ ብይኝ።»