ዮርዳኖስና የኮረብታው ኮሌጅ

መርሳ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ የጋሽ ሽፈራው የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለ። ከሁለት ዓመት በላይ ባንኮኒው ላይ የተቀመጠችው የወንድማቸው ልጅ ዮርዳኖስ ነበረች። መካኒኮቹ «ኩሽኔታ በዓይኗ ትለካለች» ይሏት ነበር፤ እውነታቸውን ነው። የተበላ ዕቃ ይዘው ሲመጡ አንዴ አየት አድርጋ እጇን ወደ መደርደሪያው ትልካለች፤ ስታም አታውቅም። ልቧ ግን ሱቁ ውስጥ አልነበረም። ቀትር ላይ አስፋልቱ በሙቀት ሲንቀለቀል፣ ከደሴ የሚመጡት አውቶቡሶች ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ይመስሏታል። በመስኮት የሚታዩትን ፊቶች እየተከተለች፣ ይቺ ወዴት ትሄድ ይሆን፣ ያ ማንን ሊጠይቅ ይሆን ስትል፣ ደንበኛ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠራታል።

ጦርነቱ ሲመጣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ሌላው አገር ሲፈተን የእነሱ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበር። ኋላ ተራው ሲደርሳቸው እናቷ ታመው አስታማሚ ሆነች። እናቷ ሲያርፉ አጎቷ ወደ ሱቁ ወሰዷት። ከዚያ በግል ተፈትና የማለፊያ ውጤት አመጣች፤ ለማንም ግን አልተናገረችም።

አንድ ማክሰኞ መምህር አበባው የሚባል ቀጭን ሰው የተበጠሰ የውሃ ሞተር ቺንጊያ ይዞ መጣ። ከወልድያ አለፍ ብሎ ኮረብታ ላይ ካለች ትንሽ ኮሌጅ ነው። ዮርዳኖስ ቺንጊያውን ስትፈልግ እሱ ስለ ኮሌጁ አጫወታት። በዓመት የሚቀበሉት አርባ ሰው ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ሁሉም ሁሉንም ይማራል፤ ቁጥርም፣ ታሪክም፣ ዜማም፣ ፍልስፍናም።

«መግቢያው ምንድን ነው?» አለችው።

«ውጤትሽን ታመጫለሽ፤ ከዚያ ተቀምጠን እናወራለን።»

ለቃለ መጠይቁ ስትሄድ ጋሽ ሽፈራውን ዕቃ ላመጣ ነው አለቻቸው። ሦስት መምህራን ጥላ ሥር ወንበር ደርድረው ጠበቋት። አንዷ፣ «መልሱን የሚነግርሽ ሰው ያጣሽለት ጥያቄ አለሽ?» ብለው ጠየቋት።

ዮርዳኖስ ወደ ታች፣ ወደ መንገዱ አየች። «አውቶቡስ እየመጣ ሳለ ድምፁ ቀጭን ነው» አለች በመጨረሻ። «አጠገቤ ደርሶ ሲያልፍ ይወፍራል። ሹፌሩ ማርሽ አልቀየረም፤ ለይቼ አውቃለሁ። በየቀኑ እሰማዋለሁ፤ ማንን ልጠይቅ?»

ሴትዮዋ ፈገግ ብለው ወረቀታቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ። በሦስተኛው ሳምንት «ተቀብለንሻል» የሚል ደብዳቤ ሱቁ ድረስ መጣ። ያነበቡት ጋሽ ሽፈራው ነበሩ።

«ነርስ ነሽ? አካውንታንት ነሽ? ሰው ሲጠይቀኝ ምን ትማራለች ልበል?»

«እኔም ገና አላወቅሁም፣ ጋሼ።»

አልከለከሏትም፤ አልመረቋትምም። ሻንጣዋን ግን እስከ መናኸሪያ ራሳቸው ተሸከሙላት።

ኮሌጁ እንደ ሕልም ተቀበላት። ጠዋት ጠዋት ጉም ከሸለቆው ተነሥቶ የመኝታ ክፍሏን መስኮት ይሞላዋል። አብራት የምታድረው የውርጌሳዋ አሚና ለሱብሂ ሶላት ስትነሣ ዮርዳኖስም ትነቃና፣ ጉሙ ውስጥ የዛፎቹ ጫፍ አንድ በአንድ ብቅ እስኪል ትጠብቃለች። መምህር አበባው የማሲንቆን ጭራ በማስመሪያ ለክቶ መሐሉ ላይ ሲጫነው፣ ያው ድምፅ ከፍ ብሎ ወጣ። ትልቁ የሞተር መዘውር አንዴ ሲዞር፣ በቺንጊያ የተያያዘው ግማሹን የሚያህል መዘውር ሁለቴ እንደሚዞር ዮርዳኖስ ታውቃለች፤ ይኸው የግማሽና የእጥፍ ነገር በዜማ ሲመጣ ግን ጭራውን ራሷ ደጋግማ ተጫነችው። ቀኑን ሙሉ በዚያ ሐሳብ ተንሳፍፋ ዋለች። እንዲህ ስትንሳፈፍም ነው ፈተና የደረሰባት። ከአምስቱ ትምህርቶች ሁለቱን ወደቀች።

ቅዳሜ መርሳ ወረደች። «ይበቃኛል፣ ጋሼ። ሱቁ ይሻለኛል» አለች።

ጋሽ ሽፈራው የፍሬን ሸራ እየደረደሩ ነበር። ቀና ሳይሉ፣ «ለመሆኑ ያቺን የአውቶቡሷን ነገር ነገሩሽ?» አሉ።

«ማን ነገረዎት?»

«አስተማሪሽ። ሌላ ቺንጊያ ሊገዛ መጥቶ አጫወተኝ።»

መንገዱ ዳር ወጡ። አውቶቡሱ ሲመጣ የድምፁ ሞገድ እየተጠጋጋ፣ ሲሄድ እየተራራቀ ጆሮ እንደሚደርስ በእጇ እያሳየች ነገረቻቸው። አንድ አውቶቡስ ከግራ መጣ፤ በቀጭኑ ጮኸ፤ አለፈና ወፈረ። ሌላም መጣ። ጋሽ ሽፈራው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ሱቅ ሳይከፍቱ በፊት ሃያ ዓመት ሙሉ አውቶቡስ ነድተዋል።

«ይገርማል» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ውስጡ ስለነበርኩ አልሰማሁትም።»

እዚያው ብዙ ቆሙ። ደንበኛ መጥቶ ጠብቆ ሄደ። ሰኞ ማለዳ ዮርዳኖስ ወደ ኮረብታው ተመለሰች፤ የወደቀችባቸውን ሁለት ትምህርቶች በክረምት ደግማ ወሰደቻቸው። አንዱን በደንብ፣ ሌላውን ለጥቂት አለፈች።

ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመት ናት። ለጥናቷ በግራና ከተማ ዙሪያ ያሉትን የማሳ ስሞች እየዞረች ትመዘግባለች፤ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በመኪና የሚያደርሷት ጋሽ ሽፈራው ናቸው። ባለፈው እሑድ አያ ማሩ የሚባሉ አዛውንት ገበሬ ጋ ሄዱ። አያ ማሩ በበትራቸው አንድ የማሽላ ማሳ አሳዩአቸው።

«ይሄ ጨረቃ አሳዳሪ ይባላል።»

«ለምን እንዲህ ተባለ?» አለች ዮርዳኖስ።

«እንጃ ልጄ። አባቴም እንዲሁ ነበር የሚሉት፤ አልጠየቅኋቸውም።»

ጋሽ ሽፈራው ጎንበስ ብለው አፈሩን ዳበሱ። «ውሃ ይቋጥር ነበር እንዴ?»

አያ ማሩ አሰቡ። «ልጅ ሳለሁ ክረምት ክረምት ይተኛበት ነበር። አዎ፣ ወለል ያለ ውሃ፤ ሌሊት ጨረቃዋ ውስጡ ትታይ ነበር።»

ሦስቱም ማሳውን አዩት። ማሽላው በነፋስ ጎንበስ ቀና ይላል። ዮርዳኖስ ስሙን ጻፈች፤ አያ ማሩም፣ «ከወንዙ ማዶ ደግሞ ሌላ አለ፤ ኑ» ብለው በትራቸውን ተመርኩዘው ፊት ፊት መሩ።