የመቀስ የካርቶን ልኮች

መቀስ የሚል ቅጽል የወጣለት ጫማ ሠሪ ሊፈታው የተነሣው ችግር አንድ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ተቀጥሮ ጫማ የሠራ ሰው የራሱን የጫማ መሥሪያ መክፈት ለምን ያቅተዋል?

"ካፒታል የለህማ" ትለዋለች ሚስቱ።

ይህን ቃል እንደ ዋዛ እናወራዋለን። ሱቅ መክፈት ያሰበ ሁሉ "ካፒታል ቸገረኝ" ሲል ገንዘብ ማለቱ ነው። መቀስም እንደዚያው ተረድቶት ከደሞዙ ቆጥቦ ያገለገለ የቆዳ መስፊያ መኪና ገዛ። ከዚያ ሥራውን ለቀቀና የካርቶን ልኮቹን ከጫማ መሥሪያው መደርደሪያ ማውረድ ጀመረ።

ስለነዚህ ልኮች አውርቼ አልጠግብም። የጫማው አፍንጫ፣ ጎኑ፣ ምላሱ፣ ተረከዙ፣ እያንዳንዱ መጀመሪያ ካርቶን ላይ ይነደፋል። ጫማው እግር እንዳይነክስ አንዱ ልክ አሥር ጊዜ ሊታረም ይችላል። አንዴ ከተስተካከለ ግን ትናንት የተቀጠረም ሰው ቆዳ ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን ይቆርጥበታል።

"ጋሽ መቀስ፣ እነሱን እንኳ ይተዉአቸው" አለ የጫማ መሥሪያው ወጣት ባለቤት።

"የነደፍኳቸው እኔ ነኝ።"

"በማን ካርቶን? በማን ሰዓት?"

"ካርቶኑን እተካልሃለሁ።"

"ካርቶን ምን ይሠራልኛል፣ ጋሼ? እርስዎ ሲሄዱ ሥራው እንዳይቆም ነው እንጂ።"

ልኮቹ እዚያው መደርደሪያ ላይ ቀሩ። ካፒታል ማለት እንግዲህ ይህ ነው። አንዱ ደክሞ ይሠራዋል፤ ከዚያ ወዲያ ለያዘው ሰው ሲሠራ ይኖራል። ገንዘብ ከመልኮቹ አንዱ ብቻ ነው። መቀስ ለራሱ ቅጂ አላስቀረም፤ የድሮ ጫማ ሠሪ ሁሉ እንደሚያደርገው "እጄ ያውቀዋል" ብሎ ነበር።

ቤቱ ገብቶ ሲነድፍ የመጀመሪያው ጫማ ተረከዝ ላጠ፤ ሁለተኛው አፉን ከፈተ።

"እጄ ያውቃል ስትል አልነበር? እስቲ ጠይቀው" አለች ሚስቱ።

"ጠየቅኩት። እንደ ባለቤቱ ጃጅቷል።"

የቀድሞው ጫማ መሥሪያ በልኮቹ እየቆረጠ ያንኑ የእሱን ጫማ በየሳምንቱ ለሱቆች ያከፋፍላል። እሱ ደግሞ ድሮ የሠራቸውን አሮጌ ጫማዎች ከዘመድ አዝማድ እየለመነ ስፌታቸውን ይፈታል፤ ቆዳውን ዘርግቶ ካርቶን ላይ ይገለብጣል። ችግሩ፣ የተለበሰ ቆዳ የለባሹን እግር ይዞ ይቀራል። ዛሬ የአማቹን ግራ ጫማ ፈትቶ፣ በስንት ዓመት ምን ያህል እንደሰፋ እየገመተ፣ ከጠርዙ በጥፍር ስፋት እየቀነሰ ይቆርጣል። አራተኛው ካርቶን ነው።