ሕፃን የሌለበት ቤት መጫወቻ

ትልቅ ሴት ነኝ። ባል ቀብሬያለሁ፤ ልጅ አሳድጌ ለሥራ አብቅቻለሁ። የሰፈራችን እድር የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የሚያስቀምጠው እኔ ዘንድ ነው፤ «እሷ ጋ ማንኪያ እንኳ አይጎድልም» ይላሉ። እንዲህ የተባለችው ሴት ከሰዓት በኋላ በሯን ዘግታ፣ መጋረጃዋን ጋርዳ፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ የልጆች መጫወቻ እንደምትገጣጥም ግን ከልጄ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው ልጄ ትንሽ ሳለች ነው። ከሰልባጅ ገበያ አንድ ከረጢት ተገጣጣሚ ገዛሁላት። ትንንሽ የፕላስቲክ ጡቦች ናቸው፤ አንዱ ባንዱ ላይ ሲጫን ቀጭ ብሎ ይያዛል። ራሳቸው ቢጫ የሆነ ትንንሽ ሰዎችም አሉባቸው። እሷ ጥቂት ተጫወተችባቸውና ተወቻቸው። እኔ ግን አንዷን ብትውጥብኝስ እያልሁ ከየጥጉ እለቅም ነበር። ስለቅም አጥባለሁ፤ ሳጥብ እገጣጥማለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልሁ ገባሁበት።

ከከረጢቱ ሥር አንዲት የተጨማደደች መምሪያ ነበረች። ፊደል የለባትም፤ ሥዕል ብቻ። እኔ ከጣና ማዶ ቁንዝላ ነው የተወለድሁት፤ ትምህርቴን ያቋረጥሁት አራተኛ ክፍል ላይ ነው። መጽሐፍ ስይዝ መሐል ላይ የማላውቀው ቃል ይመጣና ያቆመኛል፤ ሰው መጠየቅ ደግሞ አፍራለሁ። ያችን መምሪያ ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ማንንም ሳልጠይቅ ጨረስኋት። ስጨርሳት ሥዕሉ ላይ ያለችው መኪና እጄ ላይ ነበረች። ቤት ውስጥ ማንም ስላልነበረ ለማን እንደማሳይ ጠፋኝ። መልሼ አፈረስኋትና እንደገና ሠራኋት።

ልጄ አደገች፤ አባቷ ሞተ፤ እኔ አልተውሁም። ኮሌጅ ስትገባ አሮጌ ስልኳን ለእኔ ሰጠችኝ፤ የእነዚያ ቢጫ ራስ ትንንሽ ሰዎች ፊልም መኖሩን ያን ጊዜ አወቅሁ። ይናገራሉ፣ ይጣላሉ፣ ይዘፍናሉ። ቋንቋቸውን አልሰማም። ግን ቤታቸው ሲፈርስ አዝናለሁ፤ ተሰብስበው መልሰው ሲገጥሙት ደስ ይለኛል። ጢማቸው የሸበተ ፈረንጆች ጠረጴዛ ሙሉ ከተማ ሠርተው ሲያሳዩም አየሁ። እነሱ አያፍሩም። እኔ ገበያ ስሄድ «ለእህቴ ልጅ ነው» እያልሁ ነው የምገዛው። እህት የለኝም።

ልጄ ግን ለምዳዋለች። ከሥራ ስትመጣ ጫማዋን እያወለቀች «እማ፣ ዛሬ በከተማሽ ማን ሞተ?» ትለኛለች።

«ማንም አልሞተ። ድልድይ ነው የወደቀ» እላታለሁ።

የጎረቤት ሕፃናት ሲመጡብኝ ዳቦ እሰጥና ከደጅ እመልሳቸዋለሁ። ስስት አይደለም። ጡቧ ትንሽ ናት፤ ጉሮሮ ላይ ብትቀርስ? ለእናትየዋ ምን ብዬ እናገራለሁ? «የማን መጫወቻ ነው?» ብትለኝስ? ከሁሉ የምፈራው ይህን የመጨረሻውን ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ልጄ የምትወደው ልጅ ሽማግሌ ላከ። እሱ መምህር ነው፤ ቤተሰቦቹ ለሥራ ከሌላ ክፍለ አገር መጥተው እዚህ ባሕር ዳር የቆዩ ናቸው። በአባቷ ቦታ እንዲቀመጥ ታላቅ ወንድሜን ከቁንዝላ አስመጣሁት። እሱም የእኔን ነገር አያውቅም። እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት ጡቡን ሁሉ ለቅሜ፣ እኔና ልጄ የምንተኛበት ክፍል አስገብቼ በሩን ዘጋሁ። ሶፋውን በእጄ ዳበስሁት። እኔ የዳበስሁት ላዩን ነው።

ሦስቱ ሽማግሌዎች እንደ ወጉ ቆሙ።

«ተቀመጡ እንጂ» አለ ወንድሜ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ከዘራ የያዙት ትልቁ አዛውንት።

«ለበጎ እስከመጣችሁ ድረስ ተቀምጣችሁ ብትናገሩም ይሰማል።»

አዛውንቱ ቁጭ ከማለታቸው «ውይ!» ብለው ተነሡ። በትራሱና በሶፋው መካከል እጃቸውን ሰደው አንድ ነገር ጎትተው አወጡ። ቢጫ ራሱ፣ ፈገግ ያለው፣ ሰማያዊ ሱሪ የለበሰው ሰውዬ ነው።

«ኧረ ይሄ ቀድሞን ተቀምጧል!» አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ። «ከኛ በፊት ሽማግሌ የላከ አለ ማለት ነው።»

ቤቱ ሳቀ። አዛውንቱ ግን አልሳቁም፤ ሰውዬውን እያገላበጡ «በቤቱ ሕፃን አለ?» አሉ።

«ኧረ የለም!» አለ ወንድሜ። «ያለችው የመጣችሁላት ልጅ ብቻ ናት።»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ፊቴ ጋለ። ያን ጊዜ «የእኔ ነው» ብል ኖሮ ስቀው ያልፉት ነበር። «የጎረቤት ልጅ ጥሎት ይሆናል» አልሁ። አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁና ሰውዬውን ኮታቸው ኪስ ከተቱት። ወንድሜ ከዘመድ ተማክረን መልስ እንሰጣለን ብሎ ቀጠሮ ሰጠ፤ እነሱም ተሰናብተው ሄዱ።

በእኛ ወግ በሁለቱ ቀጠሮዎች መካከል ማጣራት አለ። ቤተሰቡ እንዴት ነው፣ ልጅቱ እንዴት ናት ተብሎ ሰፈር ይጠየቃል። የልጁ አክስት የሚከራይ ቤት የምትፈልግ መስላ ወደ ሰፈራችን መጣች። ግድግዳ የምንጋራዋ ጎረቤቴ ክፉ ሰው አይደለችም፤ የጠየቋትን ነው የመለሰችው። እኔ ቤት የጎረቤት ልጅ ገብቶ እንደማያውቅ፣ እንዲያውም ከደጅ እንደምመልሳቸው ነገረቻት። ከሰዓት ከሰዓት ግን የሕፃናት ፊልም በግድግዳው በኩል ይሰማል፤ ከገበያም መጫወቻ ይዤ ስገባ ታየኛለች። ለምን እንደሆነ አታውቅም። በሩ ሁልጊዜ ዝግ ነው።

አክስትየዋ ከዚህ በላይ መስማት አላስፈለጋትም።

ልጄ ከሥራ መጥታ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ቁጭ አለች።

«እማ፣ ልጅ አለሽ ወይ አለኝ።»

«ማን?»

«እሱ ነዋ። አክስቱ ነግራው። ወልጄ፣ አንቺ እዚህ ደብቀሽ የምታሳድጊልኝ ልጅ አለ አሉ።»

መጀመሪያ ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ ተሰበረና እንባ ሆነ።

«ታዲያ ምን አልሽው?»

«የለኝም አልኩት። ታዲያ መጫወቻው የማን ነው ሲለኝ ዝም አልኩ።»

«ለምን ዝም ትያለሽ?»

«የእናቴ ነው ልበለው? አማችሽ ሊሆን ነው እኮ! ነገ ከነገ ወዲያ ፊቱን የምታዪው አንቺ ነሽ። አንቺ ካልተናገርሽ እኔ አልናገርም።»

ያኔ ልጄን ማቀፍ ነበረብኝ። እኔ ግን ያሰብሁት ስለ ከረጢቱ ነው። በማግስቱ ጠዋት ላፈርሳት ካልጨከንሁባት አንዲት ጀልባ በቀር ጡቦቹን ሁሉ በማዳበሪያ ጆንያ ከትቼ፣ ላዩን በጎመን ሸፍኜ፣ ወደ ጣና ዳር ወረድሁ። ሰው በሌለበት ልጥለው ነበር። የእምቦጭ አረሙ ዳሩን ሸፍኖታል፤ የዓሣ ጀልባ ራቅ ብሎ ይታያል። ጆንያውን ፈታሁት። ቢንሳፈፍስ? የአጥማጅ ልጅ ለቅሞ ቢውጠውስ? ቆሮሶ ዓሣ ውጦት ሰው ቢበላውስ? እንዲህ እያልሁ ስፈራ ሌላው ፍርሃት ደረሰብኝ፤ ይህን ብጥለው፣ መጫወቻው የእኔ ነው ብል ማን ያምነኛል? «ልጁንም መጫወቻውንም አሸሹ» ነው የሚሉት። ጎመኑን መልሼ አለበስሁትና ወደ ቤቴ ተመለስሁ። ያልጣልሁት ለልጄ ብዬ ብቻ ነው ብል ደስ ባለኝ። መጣሉም አሳዝኖኝ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ቀልድ የለም። አዛውንቱ ከተቀመጡ በኋላ እጃቸውን ኪሳቸው ሰደዱና ቢጫ ራሱን ሰውዬ ጠረጴዛው ላይ አቆሙት።

«ይህን ይዤው ሄጄ ነበር» አሉ። «ነገር ሳይጠራ ቃል አይታሰርም። ቅር አትሰኙ፤ ደፍረን እንጠይቃለን። በዚህ ቤት የሚያድግ ሕፃን አለ?»

ወንድሜ ጋቢውን ሰብስቦ ተነሣ። «ሰው የሞተበት ቤት ነው ብላችሁ ልታዋርዱን መጣችሁ?»

«ማዋረድ አይደለም፤ እውነቱን—»

«ውጡ! የእህቴ ልጅ እንደ ገበያ በግ አትገላበጥም!»

ልጄ በጓዳው በር ቆማ ነጠላዋን በጥርሷ ይዛለች። ቀና ብላ ወደኔ አላየችም። ብታየኝ ይሻለኝ ነበር።

«የእኔ ነው» አልሁ።

ወንድሜ ቀስ ብሎ ዞረ። «የአንቺ? ልጅ?» አለኝ። ባሏ የሞተባት ሴት መሆኔን ያን ጊዜ አስታወስሁ፤ መሬት ብትውጠኝ ወደድሁ።

«ልጅ አይደለም ጋሼ! መጫወቻው! የምጫወትበት እኔ ነኝ።»

ማንም የገባው አልመሰለኝም። ክፍሌ ገባሁና ከመደርደሪያው ላይ የሠራሁትን ጀልባ አውጥቼ ከሰውዬው አጠገብ አስቀመጥሁት። እንደተጋባሁ ከቁንዝላ ወደ ባሕር ዳር ያመጣችኝ ጀልባ ናት፤ ከነመሣፈሪያ ወደቧ፣ ከነወንበሮቿ። ጆንያውንም ጎትቼ አመጣሁት። ጎመኑ አሁንም ላዩ ላይ ነበር።

«እርስዎ?» አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ። «ይህን… ለመሸጥ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ይሠሩታል?»

«እንዲሁ። ደስ ስለሚለኝ። ፊልሙንም የማየው እኔ ነኝ።»

«ትልቅ ሰው ሆነው?» አሉ ሦስተኛው፤ እስካሁን አልተናገሩም ነበር። ከዚያ እንደማፈር ብለው «እስቲ ያሳዩን» አሉ።

ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልሁ። ወንዶች በተቀመጡበት፣ የልጄ ክብር በሚመዘንበት ቤት፣ እግሬን አጥፌ እንደ ሕፃን ጡብ ለቀምሁ። አንዱ ጡብ ተፈናጥሮ አዛውንቱ ጫማ ሥር ገባ። ጎንበስ ብለው አቀበሉኝ። ያን ቀን እንዳፈርሁት አፍሬ አላውቅም። ቀና ሳልል ትንሽ ቤት ሠራሁ፤ በር ያለው፣ መስኮት ያለው። ጡቡ ሲገጥም የሚያሰማው ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ወንድሜ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ነበር።

ኋላ ጋቢውን ገለጥ አደረገና ጀልባዋን አያት።

«ይቺ የእኛ ጀልባ አይደለችም እንዴ?»

«ናት ጋሼ።»

«መሣፈሪያውም የእኛው ነው። አጠገቡ ያለችው የሾላ ዛፍስ? ሾላዋን የት አደረግሻት?»

«አረንጓዴ ጡብ አለቀብኝ።»

ሁለተኛው ሽማግሌ አፋቸውን ያዙ። ሦስተኛው «አረንጓዴ አለቀባት!» አሉና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ወንድሜም ሳቀ፤ በኔ ላይ ይሁን ለኔ እስከዛሬ አላወቅሁም። አዛውንቱ ዓይናቸውን ጠርገው ከዘራቸውን መታ አደረጉ።

«በቃ» አሉ። «ሰው ራሱን ለማስከበር ይዋሻል። እንዲህ ያለ ነገር ግን ማንም በራሱ ላይ ዋሽቶ አያወራም። ነገሩ ጠርቷል።» ተነሡና እንደገና ቆመው፣ እንደ አዲስ፣ «ልጃችሁን ለልጃችን» አሉ። ወንድሜ እሺ አለ። ልጄ ጉልበታቸውን ስትስም መረቋት። አልቅሼ ነበር፤ ሁሉም የደስታ ለቅሶ መሰላቸው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን መጻፍ ነው የከበደኝ።

ሽማግሌዎቹ ሲነሡ አዛውንቱ እንደ ለመዱት ሰውዬውን ከጠረጴዛው አንሥተው ኮታቸው ኪስ ከተቱት። ልብ አላሉትም። የልጄ ስም ጠርቷል፤ የሠርጉ ቀን ተቆርጧል፤ ጎረቤቴ በበሯ አንገቷን አውጥታ እልልታ ለመጀመር ምልክት ትጠብቃለች። ሌላ እናት በዚያ ሰዓት ልጇን ታያለች። የእኔ ዓይን ኪሳቸው ላይ ነበር። ተይው አልሁ ራሴን። አንድ ቁራጭ ፕላስቲክ ነው። ደግሞ ምን ሊሉሽ ነው? እስከ ውጭው በር ሸኘኋቸው። ባጃጅ ቆሞላቸዋል።

«አባባ» አልሁ።

«አቤት ልጄ።»

«ሰውዬው…»

«የቱ ሰውዬ?»

ዓይኔን ወደ ኪሳቸው ላክሁ። አዛውንቱ ዳበስ አደረጉና ገባቸው። ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ፤ ከባጃጁ ውስጥ ሁለቱ «ምን አለች? ምን አለች?» ይላሉ። ሰውዬውን አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ጀልባዋን የሚነዳት እሱ ነው?» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አዎ።»

ዞር ስል ልጄ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ሁሉንም ሰምታለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አልጠየቅኋትም። ሰውዬውን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ፣ አንገቴን ደፍቼ በአጠገቧ አልፌ ገባሁ።