ጨረቃ ሆድ ውስጥ የተሰካችው ኮከብ

ቅናቴን ከመናገሬ በፊት ሙያዬን ልናገር፤ ቀናተኛ ሰው መቼም ራሱን ሳያሞግስ ወሬ አይጀምርም። ጦርነቱ ካርቱምን ሳይበትናት በፊት፣ አርካዊት ሰፈር፣ ጡረታ በወጡ አንዲት የጂኦግራፊ አስተማሪ ቤት ለዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ምግብ አበስላለሁ፣ ቤት እጠርጋለሁ፣ ከመግሪብ፣ ከጀንበር መጥለቂያው ሶላት በኋላ ደግሞ መጽሐፍ አነባለሁ። ሐጃ ነበር የምንላቸው። ዓይናቸው ሲደክም እኔ እንዳነብላቸው ብለው የዐረብኛ ፊደል አስቆጠሩኝ። ከመጻሕፍታቸው ሁሉ አብልጠው የሚወዱት ስለ ሰማይ የተጻፉትን ነው። ግቢ ውስጥ አልጋ አውጥተን እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው በከዘራቸው ሽቅብ እየጠቆሙ ያስረዱኛል። ወሎ ሳለሁ ወደ ሰማይ ቀና የምለው ዝናብ ይመጣ እንደሆነ ለማየት ነበር። ካርቱም ዝናቡ እምብዛም ነው፤ ስለዚህ ኮከቦቹን ተማርኩ።

የተማርኩትን ብቻዬን መያዝ አልቻልኩም። ስልኬ ላይ ገጽ ከፍቼ በአማርኛ መጻፍ ጀመርኩ። የሚከተሉኝ አብዛኞቹ እንደ እኔ በየሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ነበሩ፤ ካርቱም አሉ፣ ጅዳ አሉ፣ ቤይሩት አሉ። «ዛሬ ጀንበር እንደጠለቀች በምዕራብ በኩል ደምቃ የምትታየው ኮከብ አይደለችም፤ ቬነስ ናት» ብዬ ስጽፍ፣ ልብስ ልታወርድ ጣሪያ ላይ የወጣች አንዷ «አየኋት! ወላሂ አየኋት!» ብላ ትመልስልኛለች። መምህርት ይሉኝ ነበር። ከአራተኛ ክፍል ላቋረጠች ሴት መምህርት መባል ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ወለል እየወለወልኩም ቃሏን በልቤ እደጋግማት ነበር።

ችግሬ ሥዕል ነበር። የሰማይ ጽሑፍ ያለ ሥዕል አይነበብም፤ እኔ ደግሞ ክብ እንኳ አስተካክዬ መሣል አልችልም። ከሌሎች ገጾች ፎቶ እየወሰድኩ ስለጥፍ ባለቤቶቹ ከሰሱኝና ብዙ ጽሑፌ ከገጹ ተሰረዘ። ያን ሰሞን ነው ጓደኛዬ የመጣችው። ሐጃ ቤት ሳምንቱን አድሬ፣ ሐሙስ ከሰዓት ጀሪፍ ወደ ተከራየሁት ክፍል እሄድ ነበር፤ እሷ ማዮ ሰፈር ስትኖር ቆይታ እዚያ ክፍል አብራኝ ለመኖር ገባች። ከእኔ በጥቂት ዓመት ታንሳለች፤ እትዬ ትለኛለች። ሥራዋ የሙሽሮች እጅና እግር ላይ ሂና መሣል ነው።

አንድ ጁምዓ፣ ዓርብ ቀን፣ ስልኬ ላይ የጁፒተርን ፎቶ አየች። ካርቶን ቀደደች፣ የሂናዋን ቱቦ ቀዳዳ ጠበብ አደረገች፣ ከዚያ በሙሽራ ክንድ ላይ የምትጠመጥመውን ዓይነት መስመር ከላይ እስከ ታች ደረደረችው። በመጨረሻ ትልቁን ቀይ ማዕበል በጣቷ ጫፍ ተጫነችው። ጁፒተር ራሱ ካርቶኑ ላይ ወርዶ ቁጭ ያለ መሰለኝ። የዚያን ቀን እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ደስ አለኝ። ደስታዬ የቆየው ግን ሥዕሉን ከጽሑፌ ጋር እስክለጥፈው ድረስ ብቻ ነው።

«ሥዕሉን ማን ሠራው?» የሚል አስተያየት መጣ። ቀጥሎም «እጇ ይባረክ።» ቀጥሎም «ወይኔ ቀለሙ!» ጁፒተር ላይ ያለው ማዕበል ምድራችንን ሊውጥ እንደሚችል የጻፍኩትን አንድም ሰው አላነሣውም። ረዝሞባቸው ይሆናል ብዬ በሚቀጥለው ጊዜ ጽሑፌን አሳጠርኩ፤ ሥዕሉ ይብሱን ጎላ። አስረዘምኩት፤ ጭራሽ ማንበቡን ተዉት። የሳተርን ቀለበት ከበረዶና ከድንጋይ ስብርባሪ መሆኑን ለማስረዳት አንድ ሳምንት ለፍቼ፣ «ሠዓሊዋን ሰላም በይልኝ» የሚል መልስ ሲመጣ ስልኩን በግንባሩ ደፋሁት።

ከጥቂት ወር በኋላ «እትዬ፣ የራሴን ገጽ ብከፍት ይከፋሻል?» አለችኝ።

«ምን ይከፋኛል! ክፈቺ እንጂ!» አልኳት። ከአፌ የወጣበት ፍጥነት ራሴንም ገረመኝ።

ገጿ የእኔን ለማለፍ ጊዜ አልፈጀበትም። እሷ ግን እንደ ድሮዋ ናት፤ ሳታሳየኝ ምንም አትለጥፍም። ሥዕሉን ፊቴ ታቆምና «እትዬ፣ ልክ ነው?» ትለኛለች። «ይቺ ጨረቃ ትልቅ ሆናለች፣ ጥላው በዚህ በኩል ነው» እላታለሁ፤ ታስተካክላለች። ከዚያ ከሥዕሉ ሥር «እህቴ አይታ አጽድቃዋለች» ብላ ትጽፋለች። ይህቺን ዐረፍተ ነገር ምን ያህል እንደጠላኋት! እሷ ልታከብረኝ ነው የምትጽፋት። እኔ የማነባት ግን ከመምህርነት ወርጄ ማህተም መሆኔን ነበር።

ሐጃም አልቀሩልኝም። በቀላሉ ሰው የማያሞግሱት ሴትዮ የሳተርኑን ሥዕል ስልኬ ላይ አይተው «ማሻአላህ! ይቺ ልጅ ዓይን አላት፤ ዋናውን አምጭልኝ» አሉ። በመስታወት አስገብተው ሳሎን ሰቀሉት። ዘጠኝ ዓመት ሳነብላቸው የእኔ ድምፅ የትም አልተሰቀለም። የካርቱም አቧራ ደግሞ የታወቀ ነው፤ በየማለዳው ጨርቅ ይዤ የእሷን ሳተርን የምጠርገው እኔ ነኝ። አንዳንድ ቀን ሆን ብዬ እዘለው ነበር። ሐጃ ግን ወዲያው ያዩታል።

ረመዳን ሲቃረብ ትልቅ ሥዕል ጀመረች። ሳምንቱን ሙሉ ሠራችው። ሐሙስ ስደርስ አልጋዋን ይዞ ተቀምጧል፤ እሷ መሬት ላይ ነው የምትተኛው። የጀሪፍ የጡብ መተኮሻዎች አሉበት፣ ጭሳቸው አለ፣ ወንዙ አለ፣ ከወንዙ በላይ እንደ ጀልባ የተጋደመች ቀጭን ጨረቃ አለች። በእኛ በኩል አዲስ ጨረቃ እንደ ሰሜን አገር ቆማ ሳይሆን ተኝታ እንደምትታይ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሰማዩን የሠራችው ሂናውን ከሰማያዊ ቀለም ጋር አዋህዳ ነው፤ ጀንበር ስትጠልቅ የሚመጣውን ያንን ስም የሌለውን ቀለም አግኝታዋለች። ከሥዕሎቿ ሁሉ ይህን የመሰለ አላየሁም።

በጨረቃዋ እቅፍ ውስጥ ግን፣ በሁለቱ ቀንዶች መካከል፣ አንዲት ኮከብ ተሰክታለች።

ስህተቱን ገና ከበሩ ነው ያየሁት። የአዲስ ጨረቃ ጨለማ ክፍል ባዶ ቦታ አይደለም፤ ብርሃን ያልደረሰው የጨረቃ አካል ነው። ከጀርባው ያለ ኮከብ አይታይም፤ ከግድግዳ ጀርባ ያለ ፋኖስ እንደማይታየው ማለት ነው። ሰው ግን በየጌጡና በየባንዲራው ኮከቧን እዚያ ስለሚያያት አይጠረጥርም። እሷም አልጠረጠረችም።

በማግስቱ ጁምዓ፣ ከዐስር፣ ከከሰዓቱ ሶላት በኋላ፣ ጨርሳ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው።

«እትዬ፣ ልክ ነው?»

«ቆንጆ ነው» አልኳት።

«ልክስ ነው?»

«ቆንጆ ነው አልኩሽ እኮ!»

ምን እንዳሰብኩ አልደብቅም። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ ትሳሳት፤ ሰው እጅና ጭንቅላት የተለያዩ መሆናቸውን ይወቅ አልኩ። ሲሰድቧት ወደ እኔ ይመጣሉ፣ እኔም ረጋ ብዬ አስረዳለሁ፣ መምህርት ማን እንደሆነች ያኔ ይታወቃል። ይህን ሁሉ ጋደም ብዬ፣ ጣራ ጣራውን እያየሁ፣ አቀነባበርኩት። እሷ ወዲያው አልለጠፈችውም። ሻይ አፈላች። ቤት ጠረገች። «ምሳ ይሞቅልሽ?» አለችኝ፣ ምሳ መብላቴን እያወቀች። ስልኳን አንሥታ መልሳ አስቀመጠች። ምን ትጠብቃለች እያልኩ ተናደድኩ። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ለጠፈችው። ከሥሩም እንደ ልማዷ «እህቴ አይታ አጽድቃዋለች» ብላ ጻፈች።

ሁለት ቀን ሙሉ ምስጋና ብቻ ዘነበላት። ሥዕሉ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ፤ እኔ የማላውቃቸው ሰዎች ጭምር ለእኔ መልሰው ላኩልኝ። ከነስህተቷ ስትወደድ ማየቱ ባሰብኝ። በሦስተኛው ቀን አንድ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ የሚል ሰው ብቅ አለ። «ጨረቃ ተበስታለች እንዴ? ኮከቧ በየት በኩል ገባች?» ሲል ጻፈ። ከዚያ ያልጠበቅኩት መጣ። አንዱ «የሰው ቤት ሠራተኞች ሰማዩንም እንደ ሳሎን አጽድተው ኮከቧን መደርደሪያ ላይ አስቀመጧት» አለ። በዚች ስንቱ ሳቀ! እኔ እሷ ብቻ እንድትሰደብ ነበር የተመኘሁት፤ ስድቡ ሠራተኞች ብሎ መጣ።

እሷ አልተሳደበችም። «እህቴ ሰማዩን ታውቃለች፤ አይታው ነበር፤ እሷን ጠይቁ» ብላ መለሰች። እነሱም ጠየቁ። ገጼ በአንድ ጥያቄ ተሞላ፤ «መምህርት፣ እውነት አይተሽው ነበር?»

ሐጃ ወጥ ቤት፣ ምስሩ እየተንተከተከ፣ ስልኩን ይዤ ቆምኩ። ዐውቄ ዝም አልኩ ብል ቅናቴ አደባባይ ይወጣል። አላወቅኩም ብል ዕውቀቴ ይቀራል። ሦስተኛ መልስ ፈልጌ አጣሁ። «አይቼዋለሁ፤ ስህተት መሆኑን ግን አላወቅኩም» ብዬ ጻፍኩ። ቂጥ ገልቦ ክንብንብ ማለት ይህ ነው፤ ቅናቴን ልሸፍን ብዬ ያለኝን አንድ ነገር ጣልኩ። መምህርት የሚለኝ ሰው ከዚያ ቀን በኋላ አልመጣም። አንዷ የቤይሩት አንባቢዬ «አይዞሽ፣ ሁላችንም አላወቅንም» አለችኝ፤ ከስድቡ ሁሉ የከበደኝ የእሷ ማጽናናት ነው።

ሐሙስ በራክሻ፣ በባጃጅ፣ ወደ ጀሪፍ ስሄድ መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳዘጋጅ ነበር። ስገባ አዲስ ሥዕል ግድግዳውን ተደግፏል። ያው ወንዝ፣ ያው ጨረቃ፤ ኮከቧ ግን ከቀንዶቹ ወጥታ ጎን ላይ ሆናለች። ልክ ነው። ማን እንዳስረዳት ጠየቅኳት።

«ያንን የፊዚክስ አስተማሪ ለምኜው ነዋ። ሲያስረዳ ደግ ሰው ነው።» ከሥሩ የምትጽፈውንም ስልኳ ላይ አሳየችኝ፤ «ያኔ እኔም እህቴም አላወቅንም ነበር» ይላል።

ያዘጋጀሁትን ንግግር ተውኩት። «እኔ ዐውቅ ነበር» አልኳት። «ገና ከበሩ ነው ያየሁት። ቀንቼብሽ ነው ዝም ያልኩት።»

የቀለም ጣሳዎቿን መክደኗን አላቆመችም። «ዐውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ስህተቱን አላውቅም ነበር፣ ወላሂ። አንቺ አንድ ነገር እንዳየሽ ግን ዐወቅኩ። ፊትሽ ተናግሯል።»

«ታዲያ ለምን ለጠፍሽው?»

«ትነግሪኛለሽ ብዬ እስከ መግሪብ ጠበቅኩ። ሻይ አፈላሁ፣ ቤት ጠረግኩ፤ የማደርገው ሲያልቅብኝ ስልኬን አነሣሁ። ልለጥፍ ነው ስል ታስቆሚኛለሽ ብዬ ነበር።» ጣሳውን ከደነች። «ኻላስ፣ በቃ፣ አላስቆምሽኝም።»

ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። አልሰደበችኝም፤ እራት አቀረበችልኝ። በላሁም። ጽሑፉንም አልቀየረችውም፤ «እኔም እህቴም አላወቅንም ነበር» እንዳለ ወጣ።

ቅናቴ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽም። ጦርነቱ በየአቅጣጫው ከበተነን በኋላም ገጿ እያደገ ነው፤ አዲስ ሥዕል ባየሁ ቁጥር ከሥሩ የተጻፈላትን ምስጋና እቆጥራለሁ። እሷ ግን ዛሬም ሳታሳየኝ አትለጥፍም። በቪዲዮ ትደውልና ሥዕሉን ታቆምልኛለች። ልክ ከሆነ «ልክ ነው» እላታለሁ፤ ካልሆነም እነግራታለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ ደብቄያት አላውቅም። እሷ ግን መልሴን ከሰማች በኋላ፣ «እትዬ፣ ስልኩን እስቲ ወደ ፊትሽ አቅርቢው» ትለኛለች።