በሚካኤል ቀን የታየ ስናር

አባታችን በበዓል ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቀጥታ ወደ ቤት አይገቡም ነበር። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ያለውን የገብስ ማሳችንን፣ እኛን ልጆቻቸውን አስከትለው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይዞሩታል። የሚያጣምሩት ገብስ መሳዩን አረም፣ ስናሩን፣ ሲያዩ እጃቸው እንዳያመልጣቸው ነው።

"ማየት አልተከለከለም" ይሉናል።

በማግስቱ በጠዋት ስናሩ ወዳለበት ወዳለበት በቀጥታ ሄደው፣ አንዱንም ሳይስቱ ይነቅሉታል።

አንድ ክረምት ገበሬ ማኅበሩ በሚካኤል ቀን ሰዉን ለጋራ እርሻ አረም ጠራ። አባታችን አልቀሩም። ሄደው፣ እጃቸውን አጣምረው እርሻውን ይዞሩ ጀመር።

"ምን እያደረጉ ነው?" አላቸው ሊቀመንበሩ።

"እያየሁ ነዋ! ነገ መጥቼ እነቅልልሃለሁ።"

አሰራቸው። በማግስቱ ሲፈቱ ቤት እንኳ ሳይደርሱ ወደ ጋራው እርሻ ሄዱና ያዩትን ሁሉ ነቀሉ።

አርባቸውን ካወጣን ወዲህ ዛሬ የመጀመሪያው ሚካኤል ነው። ከቅዳሴ ስመለስ እጄን አጣምሬ ማሳችንን ዞርኩ። ስናሩ በዝቷል። ለነገ ብዬ ሦስት ቦታ ልብ ብዬ ያዝኩ። አራተኛው ጋ ስደርስ የመጀመሪያው ጠፋብኝ።